ውሻ ማሰልጠንና ጠባይ ማረም፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ደጋግመው የሚመጡልኝ ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ ውሻ አሰለጥናለሁ። የታጠረ ሜዳ የለኝም፣ ዩኒፎርምም የለኝም። ያለኝ አንድ ኪስ የተቀቀለ ጉበት፣ አንድ ረዘም ያለ ገመድና ትዕግሥት ነው። በየሳምንቱ ያው ጥያቄ በስልክ ስለሚመጣልኝ፣ መልሶቹን አንድ ቦታ ሰብስቤ ላስቀምጥ ብዬ ነው።

ለመሆኑ እንዲህ የሚባል ሥራ አለ እንዴ?

አለ። እናቴም እስካሁን ይህንኑ ትጠይቀኛለች። ሰፈር ውስጥ "የውሻ አስተማሪው" ይሉኛል፤ ግማሹ አክብሮ፣ ግማሹ ሊስቅብኝ።

ሥራው ሁለት መልክ አለው። አንዱ ማሰልጠን ነው፦ ና፣ ቁጭ በል፣ ቆይ፣ ተው፣ ገመድ ሳይጎትቱ መሄድ። ሌላው ጠባይ ማረም ነው፦ የሚናከሰው፣ የሚፈራው፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚጮኸው፣ ሳህኑ አጠገብ ሰው የማያስደርሰው። ለመጀመሪያው የሚደውልልኝ ጥቂት ሰው ነው። ለሁለተኛው ብዙ ይደውላል፤ እሱም ከጎረቤት ጋር ከተኳረፈ በኋላ።

ውሻውን ወስደህ አሰልጥነህ ብትመልስልንስ?

አልወስድም። ገንዘቡ ጠልቶኝ አይደለም። ውሻ የተማረውን ነገር ከቦታውና ከሰውየው ጋር አያይዞ ነው የሚይዘው። እኔ ግቢ "ቁጭ በል" ስለው ቁጭ የሚል ውሻ፣ እናንተ ግቢ እናንተ ስትሉት ፈዞ ያያችኋል። ያኔ "ብሬን በላው" ትላላችሁ፤ እውነታችሁን ነው።

ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ትምህርት የሚያስፈልገው ቤተሰቡ ነው። አንድ ቤት ገብቼ ውሻው ሶፋ ላይ ሲወጣ አባትየው "ተኛ!" ይላል፣ እናትየው "ውረድ!" ትላለች፣ ልጆቹ "ዳውን!" ይላሉ፣ አያትየው ደግሞ ነጠላዋን ታወናጭፍበታለች። ውሻው አራቱንም በየተራ ያያል። ከዚያ ተመቻችቶ ይቀመጣል። የዚያን ቀን ሥራዬ ከውሻው ጋር አልነበረም። ወረቀት አውጥተን አንድ ቃል መረጥንና ፍሪጁ ላይ ለጠፍነው።

ቀን ጨለማ ክፍል ዘግተን ማታ እንለቀዋለን። ኃይለኛ ጠባቂ የሚሆነው እንደዚያ አይደል?

በጣም የሚያናድደኝ ጥያቄ ይሄ ነው፤ ግን ጠያቂዎቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። አባቶቻቸው እንዲህ አድርገው አሳይተዋቸዋል።

ቀን የተዘጋበት ውሻ ኃይለኛ አይሆንም፤ ፈሪ ይሆናል። ፈሪ ውሻ ደግሞ ይነክሳል። ቡና ልትጠጣ የምትመጣውን ጎረቤት አያውቃትም። ቆጣሪ የሚያነበውን ልጅ አያውቀውም። የልጅ ሩጫ፣ የዣንጥላ መዘርጋት፣ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ ሁሉ ለሱ አዲስ ነገር ነው። አዲስ ነገር ሁሉ ደግሞ ጠላት ነው። ስለዚህ ማታ ሲለቀቅ በነፋሱም፣ በድመቱም፣ በባጃጁም ይጮሃል። ሁለት ሳምንት እንዲህ ካደረገ በኋላ ከቤቱ ሰው ለጩኸቱ ከአልጋው የሚነሳ የለም። ሌባው የሚፈልገው ውሻ ይሄን ነው።

ጥሩ ጠባቂ የተለመደውን ነገር አበጥሮ የሚያውቅ ውሻ ነው። ጎረቤቱን ስለሚያውቅ እንግዳውን ይለያል። ሁለት ሦስቴ ይጮህና ሄዶ ያያል። እናንተም ትነሳላችሁ፣ ምክንያቱም በከንቱ ጮሆ አያውቅም። ይህ እንዲሆን ቀን ቀን ከሰው ጋር መዋል አለበት። ግቢ ውስጥ ልቀቁት፤ ካልተቻለ በረዥም ገመድ አስራችሁ አጠገባችሁ አውሉት።

ሚጥሚጣ ቢበላስ? ጆሮው ቢቆረጥስ?

ሚጥሚጣ ሆዱን ያቃጥለዋል። ሆዱን ያመመው ውሻ ይቆጣል፤ ያ ጥበቃ አይደለም። ጆሮውን የቆረጣችሁበት ውሻ ደግሞ ሌሎች ውሾች ስሜቱን የሚያነቡበትን ምልክት ያጣል፤ እጃችሁ ወደ ጭንቅላቱ ሲመጣም ምን እንዳደረገችው ያስታውሳል። ሁለቱንም ተዉአቸው።

ሰው በር ባንኳኳ ቁጥር ያብዳል። ይታረማል?

ይታረማል። እንዴት እንደሆነ በአንድ ቤት ላሳያችሁ።

ባለፈው ክረምት ሆጤ አካባቢ አንዲት እማማ አስጠሩኝ። ውሻቸው ነብሮ ይባላል። ግቢው ጥግ በሰንሰለት ታስሮ ነው የሚውለው። ሰንሰለቱ እስከሚደርስበት ድረስ ሣሩ ተላጭቶ፣ መሬቱ ክብ ሆኖ ደርቋል። የቆርቆሮው በር በተንኳኳ ቁጥር ነብሮ ይወረወራል፤ ሰንሰለቱ ጫፍ ሲደርስ አንገቱ ይታነቃል። አስቡት፤ በቀን ስንት ጊዜ በር ይንኳኳል? በተንኳኳ ቁጥር አንገቱ ይታመማል። ነብሮ የተማረው "እንግዳ ማለት ሕመም ማለት ነው" የሚለውን ነው። ማንም አላስተማረውም፤ ሰንሰለቱ አስተማረው።

ሰንሰለቱን በረዥም ገመድ፣ የአንገቱን ማሰሪያ ደግሞ ደረቱን በሚይዝ ማሰሪያ ቀየርነው። የእማማን የልጅ ልጅ ውጭ አቆምኩትና በሩን በአንድ ጣት እንዲነካው አደረግኩ። ጠቅ። ነብሮ ጆሮውን ብቻ አቆመ። ሳይነሳ በፊት ጉበት ጣልኩለት። እንደገና ጠቅ፤ እንደገና ጉበት። አቦል እስኪፈላ ያህል እንዲህ ሠራንና አቆምን። በነጋታው ሁለት ጣት። ከዚያ ጉልበት ያለው ማንኳኳት። ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነን በሩ ሲንኳኳ ነብሮ በሩን ትቶ የእማማን ኪስ ማየት ጀመረ። እማማ ሳቁ፤ "ይሄስ ደሞዝ ጠያቂ ሆነ" አሉ።

በመሃል ያጠፋሁት አለ፤ አልደብቅም። አምስተኛው ቀን ላይ ቸኩዬ እውነተኛ እንግዳ አስገባሁ። ነብሮ ሱሪዬን ቀደደው። ጥፋቱ የሱ አልነበረም፤ ሁለት ደረጃ የዘለልኩት እኔ ነኝ። ወደ አንድ ጣት ተመልሰን ጀመርን።

የነገሩ ሥር ያረጀ ነው። ፓቭሎቭ የሚባለው ሩሲያዊ፣ በ1904 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘው የምግብ መፈጨትን አጥንቶ ነው፤ ውሾቹ ምግቡ ገና ሳይደርስ የሚያመጣውን ሰው ኮቴ ሲሰሙ ምራቃቸው እንደሚመጣ ያየውም በዚያው ሥራ ላይ ነው። እኛ የኮቴውን ቦታ ለቆርቆሮ በር ሰጠነው።

ሲያጠፋ ልምታው? "አለቃው እኔ ነኝ" ማለት የለብኝም?

አትምቱት። ውሻ የሠራውንና የደረሰበትን የሚያገናኘው በሴኮንድ ሁለት ሴኮንድ ውስጥ ነው። ጫማችሁን ጠዋት አኝኮ ማታ ከሥራ ስትገቡ ብትመቱት፣ የሚገባው "ማታ ሲገቡ ይመታሉ" የሚለው ብቻ ነው። አንገቱን የደፋው ጥፋቱን አውቆ ይመስላችኋል። ፊታችሁን አይቶ ነው።

የአለቃው ወሬ ደግሞ ከተኩላ ጥናት የመጣ ነው። ዴቪድ ሜች የሚባል ተመራማሪ በ1970 እ.ኤ.አ. በጻፈው መጽሐፍ ሐሳቡ በሰፊው ተሰራጨ። ራሱ ሜች ግን በ1999 እ.ኤ.አ. አርሞታል፦ በዱር ያለ የተኩላ መንጋ አባት፣ እናትና ልጆች ናቸው፤ ተደባድቦ ሥልጣን የያዘ አለቃ የለም። የጻፈው ሰው የተወውን ነገር እኛ ይዘን ውሻ እንደበድባለን።

ስንት ወሩ ላይ ልጀምር?

ቡችላው ቤት በገባበት ቀን። ከ3ኛው ሳምንት እስከ 14ኛው ሳምንት አካባቢ ያለው ጊዜ ወርቅ ነው። በዚያ ጊዜ ያየውን "የዓለም ነው" ብሎ ይቀበላል፤ ያላየውን በኋላ ይፈራል። ከእናቱ ከ8ኛው ሳምንት በፊት አትለዩት። ክትባቱን እስኪጨርስ የመንገድ ውሾች በሚውሉበት አታስረግጡት፤ ግን ታቅፋችሁ ፒያሳ ብትወስዱት፣ ሚኒባስ ብታሰሙት፣ ሰኞ ገበያን ከዳር ሆኖ ቢያይ፣ ሻሽ ያሰረች፣ ጥምጣም የጠመጠመ፣ ሄልሜት ያደረገ ሰው ቢያይ ትልቅ ትምህርት ነው።

ያደገ ውሻስ? ይማራል። ነብሮ አምስት ዓመቱ ነበር።

የሀበሻ ውሻ ይማራል? ወይስ ጀርመን ልግዛ?

የሀበሻ ውሻ ይማራል፤ እንዲያውም ቶሎ ይማራል። ለጥቅሙ ንቁ ነው። ጀርመን ሼፐርድ ደስ ብሎት ይታዘዛችኋል፤ የሀበሻ ውሻ ግን "ምን አለው?" ብሎ ይጠይቃል። ክፍያው ጥሩ ከሆነ ይሠራል። እኔ ይሄን ባሕርይ እወደዋለሁ። ደግሞ የደሴን ጉምና ብርድ ያውቀዋል። ፈረንጅ ውሻ ካላችሁ የሚበላው፣ የሚሮጥበት ቦታና የሐኪም ወጪው መኖሩን አስቀድማችሁ አስቡ። ለታይታ ተገዝቶ ሰገነት ላይ የታሰረ ጀርመን ሼፐርድ ያየሁት አንድ ሁለት አይደለም።

ኮምቦልቻ ላላችሁ አንድ ነገር፦ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ እናንተ ጋ ስደርስ ሹራቤን አወልቃለሁ፤ ውሻው ግን ጸጉሩን ማውለቅ አይችልም። የሚቀዘቅዘው በዋናነት በማለክለክ ነው። ልምምዱን ማለዳ ወይም ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ አድርጉት። አስፋልቱን በእጃችሁ መዳፍ ንኩ፤ እናንተን ካቃጠለ እሱንም ያቃጥለዋል።

ሌሊቱን ሙሉ ይጮሃል። ጎረቤት ሊከሰን ነው።

መጀመሪያ ለምን እንደሚጮህ እንወቅ። ገደሉና ባሕር ዛፉ አጠገብ ያላችሁ ከሆነ ጅብ ነው፤ ውሻው ሥራውን እየሠራ ነው። እናንተ ያልሰማችሁትን ይሰማል። የሰው ጆሮ እስከ 20 ሺህ ኸርዝ ነው የሚሰማው፣ የውሻ ከ40 ሺህ ያልፋል። የተነሳበትን ነገር ወጥታችሁ እዩለት፣ "በቃ" በሉት፣ ዝም ሲል ሸልሙት። ማታ ማታ የአጥንትና የሥጋ ትርፍራፊ ከአጥር ውጭ አትጣሉ፤ ጅቡን የምትጠሩት እናንተው ናችሁ።

ጅብ ከሌለ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ የዋለ ውሻ ነው። ተኝቶ የዋለ ሰውም ሌሊት አይተኛም። ከእራት በፊት ግማሽ ሰዓት አስኪዱት፤ አሽትቶ የሚፈልገው ነገር ግቢ ውስጥ በትኑለት። ማሽተት ከሩጫ ባልተናነሰ ያደክመዋል።

ሙስሊም ነኝ። ውሻ ማሳደግና ማሰልጠን እንዴት ይሆናል?

ብይኑን ለሸሆቹ እተወዋለሁ፤ የኔ ድርሻ አይደለም። ለአደን፣ ለከብትና ለእርሻ ጥበቃ የሚያዝ ውሻ የተፈቀደ እንደሆነ አዋቂዎቹ ሲናገሩ ሰምቻለሁ። ቁርኣን ላይም ለአደን ስለሰለጠነ እንስሳ ተወስቷል፤ ዋሻ ውስጥ ለዓመታት የተኙት ሰዎች ውሻም አለ።

የኔ ሥራ ምራቁ ሰውና ዕቃ ሳይነካ እንዲሰለጥን ማድረግ ነው። ደንበኞቼ ግማሽ ያህሉ ሙስሊሞች ናቸው። ሽልማቱን በእጅ አናጎርስም፣ መሬት ላይ እንጥላለን። ሳህኑ የራሱ ነው። ማደሪያው ከመስገጃውና ከውዱእ ውሃው ርቆ ነው። መጀመሪያ የምናስተምረው ትእዛዝም "ቁጭ በል" አይደለም፤ "ራቅ" ነው። በኖራ መስመር አስምረን፣ ከመስመሩ ወዲያ ሆኖ ሲጠብቅ እንከፍለዋለን። አብሽሩ፣ ይሆናል። አንድ ወር በማይሞላ ጊዜ መስመሩ በዝናብ ታጥቦ ሄዶ እንኳ ቦታውን የሚያከብር ውሻ አለኝ።

በነገራችን ላይ ክርስቲያኖቹ ቤት ደግሞ ሌላ ችግር አለ፦ ጾም። ሁዳዴ ላይ እትዬ እገሊት ድስታቸው ውስጥ ጉበት ቀቅሉልኝ ብላቸው ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ከቤቴ ቀቅዬ፣ በራሴ ዕቃ ይዤ እመጣለሁ። ውሻው አይጾምም።

ምን ላብላው?

እንጀራና ዳቦ ሆድ ይሞላል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። አጥንት ከሰጣችሁ የተቀቀለውን አትስጡ፤ ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል። የወጥ ትርፍራፊ ተዉ። በርበሬውን ብቻ ሳይሆን ሽንኩርቱን ነው የምፈራው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፤ የኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት የለም።

ከሁሉም በላይ ግን ይህን ስሙኝ። ለአረፋ፣ ለፋሲካ ወይም ለሠርግ በግ ሲታረድ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ፊኛ የመሰለ ነገር ካያችሁ ለውሻ አትጣሉ። ያ የትል እጭ ነው። ውሻው ሲበላው ሆዱ ውስጥ ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፤ በልጆች እጅ አድርጎ ወደ ሰው ይመለስና ሰው ጉበት ላይ ያንኑ ፊኛ ይሠራል። ቅበሩት ወይም አቃጥሉት፤ ጉድጓዱ ውሻ የማይቆፍረው ጥልቅ ይሁን። የትል መድኃኒቱንም የእንስሳት ሐኪም በሚላችሁ ጊዜ ስጡት።

ሰው ነከሰ። አሁን ምን ላድርግ?

ለኔ ከመደወላችሁ በፊት ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡ። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፤ ሰዓት ያዙ። ቡና፣ ቅጠል፣ ቤንዚን አትጨምሩበት። ከዚያ ወዲያው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፤ ምልክቱ ሳይታይ በጊዜ የተጀመረ ክትባት ግን ያድናል። ጠበል የምትሄዱ ሂዱ፣ ግን ክትባቱን ጀምራችሁ።

ውሻውን አትግደሉት፤ ሰው በማይደርስበት አስራችሁ 10 ቀን ጠብቁት። በ10ኛው ቀን ጤነኛ ሆኖ ቢበላ ቢጠጣ፣ ሲነክስ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ገድላችሁ ብትጥሉት ይህን የምታውቁበት መንገድ ጠፋ። ውሻው ሳይመታ፣ ሳይነካ በድንገት ጠባዩ ከተለወጠ፣ ለሀጩ ከተዝረከረከ፣ መዋጥ ካቃተው ደግሞ አትጠጉት፤ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳውቁ።

"አምልጦ ነው የነከሰው፣ እኔ ምን ላድርግ?" የሚል ክርክር አያዋጣም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 እንስሳው ከቁጥጥር ውጭ ሆኖ ላደረሰው ጉዳትም ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል።

ተኩስና ርችት ሲሰማ አልጋ ሥር ይገባል።

ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ይህ ጥያቄ በዝቷል። ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ ውሾቹም እዚሁ ነበሩ። አንድ ደንበኛዬ ውሻው ያኔ አጥር ዘሎ ጠፍቶ በስምንተኛው ቀን ነው የተመለሰው፤ ዛሬም የጎማ ፍንዳታ ሲሰማ ይሸናል።

ከተደበቀበት አትጎትቱት። የተደበቀበት ቦታ መድኃኒቱ ነው፤ ጨርቅ አንጥፉለት። ማባበል ፍርሃትን ያባብሳል የሚባለው ትክክል አይደለም፤ አጠገቡ ተቀመጡ። በሰላሙ ቀን ደግሞ የተኩስ ድምፅ በስልክ፣ እንዳትሰሙት ያህል ዝቅ አድርጋችሁ ክፈቱና ሥጋ ስጡት። ድምፁን በሳምንት ትንሽ ትንሽ ከፍ አድርጉ። መብላት ካቆመ በዝቷል ማለት ነው፤ ቀንሱ። ይህ በወራት እንጂ በቀናት አይለካም።

ወደ ቦረና ሳይንት ዘመድ ጋ ስሄድ ይዤው ልሂድ?

እዚያም ሆነ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ አለ። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ ያደጉት ተቆጥረው 500 አይሞሉም። ባሌ ውስጥ ብዙዎቹን የጨረሰው ከቤት ውሻ የተላለፈ በሽታ ነው። ስለዚህ ያልተከተበ ውሻ ወደ ተራራው አይውጣ። የተከተበውም በገመድ ይሁን። የከብት ጠባቂ ውሻ ያላቸው ዘመዶቻችሁ ካሉ ስለ ክትባቱ ንገሯቸው፤ ከኔ ይልቅ እናንተን ይሰማሉ።

ስንት ጊዜ ይፈጃል? ዋጋውስ?

ተራ ትእዛዝ ከአራት እስከ ስድስት ቀጠሮ። በመሃል ግን በየቀኑ ሁለት ሦስቴ፣ አምስት አምስት ደቂቃ እናንተ ትሠራላችሁ። የማትሠሩ ከሆነ አትጥሩኝ፤ በየሳምንቱ መጥቼ ቡና ብቻ እጠጣለሁ። ዋጋ እዚህ አልጽፍም፤ የዛሬው ዋጋ ከሦስት ወር በኋላ ያሳፍረኛል።

የማይታረም ውሻ አለ?

አለ፤ ጥቂት ነው። አንዳንዱ ጥርሱ ወይም ጆሮው ታሞ ነው የሚናከሰው፤ እሱን መጀመሪያ ወደ ሐኪም እልከዋለሁ። አንዳንዱ ግን ልጅ ካለበት ቤት ጋር አይሄድም፣ እኔም "ይሻለዋል" ብዬ ብር አልቀበልም። ባለፈው ዓመት አንዱን ልጅ ወደሌላቸው፣ ገራዶ ላይ የአትክልት ቦታ ወዳላቸው ሽማግሌ ወስደነዋል። አሁንም ሰው አይወድም። ሽማግሌውም ብዙ አይወዱም።